ሊብኤፍኤፍአይ ምንድን ነው?

አንድ ምሽት ፓይተንን ከምንጭ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል አደረግሁት። ሥራው ያለ ችግር አለቀ። ደስ ብሎኝ ፕሮግራሜን ሳስነሳው ግን «ሲታይፕስ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል መልእክት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ግራ ገባኝ። ሲታይፕስ እኮ የሲ ቋንቋ ፈንክሽኖችን ከፓይተን ለመጥራት የሚያገለግል፣ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ሞጁል ነው፤ ማንም ለብቻው አይጭነውም። እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው ነገሩ የገባኝ። ማሽኑ ላይ የአንድ ትንሽ ላይብረሪ የዴቨሎፕመንት ፋይሎች አልነበሩም። ፓይተን ሲገነባ በዚህ ምክንያት ሥራውን አያቆምም። ሞጁሉን ትቶ ያልፍና መጨረሻ ላይ «እነዚህን መሥራት አልቻልኩም» ብሎ ይዘረዝራል። እኔ ዝርዝሩን ሳላየው አልፌዋለሁ። ፋይሎቹን ጭኜ ፓይተንን እንደገና ስገነባው ሁሉም ተስተካከለ።

ያ ትንሽ ላይብረሪ ሊብኤፍኤፍአይ ይባላል። «ሊብ» ላይብረሪ ከሚለው ቃል የተቆረጠ ነው። «ኤፍኤፍአይ» ደግሞ ፎሪን ፈንክሽን ኢንተርፌስ የሚሉት ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። በአማርኛ የባዕድ ፈንክሽን መገናኛ ልንለው እንችላለን። ባዕድ የተባለው በሌላ ቋንቋ የተጻፈው ፈንክሽን ነው። ፓይተን ውስጥ ሆናችሁ፣ በሲ ተጽፎ ከቆየ ላይብረሪ አንድ ፈንክሽን ስትጠሩ ጥሪውን የሚያደርስላችሁ እሱ ነው።

ስሙን የሰማ ሰው የቋንቋ አስተርጓሚ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የፓይተንን ኮድ ወደ ሲ አይለውጥም። እንዲያውም ፓይተን የሚባል ቋንቋ መኖሩንም አያውቅም። እውቀቱ ሁሉ አንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ፈንክሽን ሲጠራ ምን ነገር የት ቦታ እንደሚቀመጥ።

ለምን ይህ ብቻውን ላይብረሪ የሚያስፈልገው ሥራ ሆነ? እኛ ኮድ ስንጽፍ የፈንክሽኑን ስም እንጽፋለን፣ ቅንፍ እንከፍታለን፣ አርጉመንቶቹን እንደረድራለን። ፕሮሰሰሩ ግን አርጉመንት የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ ዘንድ ያሉት ሬጅስተሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የቁጥር ማስቀመጫዎች) እና ሜሞሪ ናቸው። ጠሪው ቁጥሮቹን የሆነ ቦታ ያስቀምጥና ወደ ፈንክሽኑ አድራሻ ይዘላል። የተጠራው ፈንክሽን ከዚያው ቦታ ያነሳቸዋል። ሁለቱ በቦታው ካልተስማሙ፣ ፈንክሽኑ የሚያነሳው እዚያ ተጥሎ የቆየውን ውዳቂ ነው። ቦታውን የሚወስነው ስምምነት ኮሊንግ ኮንቬንሽን ይባላል።

ስምምነቱ አንድ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ። ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ ሊነክስ ካለ፣ የመጀመሪያዎቹ 6 ሙሉ ቁጥሮች በተወሰኑ 6 ሬጅስተሮች ይገባሉ። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ኤክስኤምኤም የሚባሉ ሌሎች 8 ሬጅስተሮች አሏቸው። የተረፈው ስታክ በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ላይ ይደረደራል። እዚያው ፕሮሰሰር ላይ ዊንዶውስ ካለ ሕጉ ሌላ ነው። ሬጅስተር የሚደርሳቸው የመጀመሪያዎቹ 4 አርጉመንቶች ብቻ ናቸው። ጠሪው ከዚህ ሌላ ስታክ ላይ 32 ባይት ቦታ ትቶ መጥራት አለበት፤ አርጉመንት ባይኖርም እንኳ።

አቆጣጠሩም አይገጥምም። መጀመሪያ ሙሉ ቁጥር፣ ቀጥሎ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚቀበል ፈንክሽን እንውሰድ። ሊነክስ ሁለቱን ዓይነቶች ለየብቻ ስለሚቆጥር፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ኤክስኤምኤም 0 ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በተራ ነው። ስለዚህ ያው ቁጥር ሁለተኛ ነውና ኤክስኤምኤም 1 ውስጥ ይገባል። ባለ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ለሙሉ ቁጥር 8፣ ነጥብ ላለው ቁጥር 8 ሬጅስተር ይሰጣል። የድሮው ባለ 32 ቢት ኢንቴል ላይ የተለመደው የሲ ስምምነት ሁሉንም ስታክ ላይ ይከምራል። ስትራክት፣ ማለትም ብዙ ዋጋዎችን በአንድ ያሰረ ዳታ፣ ሲመጣ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ሊነክስ ላይ ከ16 ባይት ያልበለጠ ስትራክት ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በአንድ ዓይነት ሬጅስተር፣ ግማሹ በሌላ ዓይነት ሊሄድ ይችላል። ደንቡን የምታነቡት ከሆነ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ በተለምዶ የሚሸከምልን ኮምፓይለሩ ነው። የሲ ኮድ ሲያነብ ፈንክሽኑ ስንት አርጉመንት እንዳለውና ዓይነታቸውን ያያል፤ በዚያ መሠረት ተገቢውን የማሽን ትእዛዝ ያወጣል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሁሉም ነገር ተወስኖ አልቋል። የፓይተንን ኮድ እያነበበ የሚያስኬደው ኢንተርፕሬተር ግን ይህ ዕድል የለውም። ኢንተርፕሬተሩ በሲ ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገው እናንተ ኮዳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ነው። ዛሬ የአንድ ላይብረሪና የአንድ ፈንክሽን ስም ስትሰጡት፣ ቅርጹን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ጥሪ መፈጸም አለበት። ሲ ቋንቋ ደግሞ «የአርጉመንቶቹን ብዛትና ዓይነት ስሮጥ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጥራልኝ» የሚባልበት መንገድ የለውም።

«ታዲያ ሁሉንም ቅርጾች አስቀድሞ መጻፍ ነዋ!» የሚል ይኖራል። እንሞክረው። ሁለት ዓይነት ብቻ እንፍቀድ፦ ሙሉ ቁጥርና ነጥብ ያለው ቁጥር። አርጉመንቶቹም ከ6 አይበልጡ። ይህ ብቻ 127 ቅርጽ ይሆናል። የሚመለሰውም ዋጋ ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ስለሚችል 254 ደረስን። ስትራክት ገና አልገባም። ሰባተኛ አርጉመንት ያለው ሰው ሲመጣ ደግሞ እንደገና እጥፍ ነው። መንገዱ አያዋጣም።

ሊብኤፍኤፍአይ የሚያደርገው ለየፕሮሰሰሩና ለየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ (ለማሽን ትእዛዝ በጣም የቀረበ ኮድ) ይዞ መጠበቅ ነው። ለእኛ የሚያሳየን ግን አንድ መልክ ብቻ ነው። ፖርታብል፣ ማለትም ከማሽን ማሽን የሚዘዋወር፣ የተባለውም በዚህ ነው። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፈንክሽኑን ትገልጹለታላችሁ፦ ስንት አርጉመንት፣ ምን ምን ዓይነት፣ ምን ይመልሳል፣ በየትኛው ስምምነት። ከዚህ መግለጫ «ሲፍ» የሚባል ነገር ያዘጋጃል። ኮል ኢንተርፌስ ማለት ነው። ሲፍ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ደጋግሞ ያገለግላል። ቀጥሎ ትጠራላችሁ። ሲፉን፣ የፈንክሽኑን አድራሻ፣ መልሱ የሚያርፍበትን ቦታና አርጉመንቶቹ ያሉበትን የፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ዝርዝር ትሰጡታላችሁ። እሱ ስታኩን ያሰናዳል፣ ሬጅስተሮቹን ይሞላል፣ ይዘላል፣ ሲመለስ መልሱን ከትክክለኛው ሬጅስተር አንስቶ ያስረክባችኋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ደረስን። ሊብኤፍኤፍአይ የነገራችሁትን ሁሉ ያምናል። ማጣራት ስለማይፈልግ አይደለም፤ ስለማይችል ነው። ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ የሲ ላይብረሪ ውስጥ የፈንክሽኑ ስምና አድራሻ አለ፤ የአርጉመንቶቹ ዓይነት ግን አብሮ አልተጻፈም። ሙሉ ቁጥር ይመልሳል ካላችሁት ሙሉ ቁጥር ከሚገኝበት ሬጅስተር ያነባል፣ በቃ።

በሲታይፕስ ስኩዌር ሩት የሚያወጣውን የሲ ፈንክሽን ጠርታችሁ ሞክሩት። የአርጉመንቱን ዓይነት በትክክል ነግራችሁ 16.0 ስጡት፣ የሚመለሰውን ዓይነት ግን ሳትነግሩት ተዉት። ሲታይፕስ ካልተነገረው የሚመለሰው ሙሉ ቁጥር ነው ብሎ ይወስዳል። 4.0 ኤክስኤምኤም 0 ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚነበበው ግን ሌላ ሬጅስተር ነው። የምታገኙት ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ይሄ እንኳ ደህናው ነው፤ ስህተት መሆኑ ፊት ለፊት ይታያል። ክፉው ፈንክሽኑ ፖይንተር ሲመልስና ዓይነቱን ሳትገልጹ ስትቀሩ ነው። 64 ቢት የሆነው አድራሻ ተቆርጦ 32 ቢቱ ብቻ ይደርሳችኋል። አድራሻው ትንሽ ቁጥር ከሆነ ይሠራል። ትልቅ ከሆነ ፕሮግራሙ ይሞታል። እናንተ ማሽን ላይ ሠርቶ የጓደኛችሁ ማሽን ላይ የሚሞተው ለዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ለሲታይፕስ የአርጉመንቱንም የመልሱንም ዓይነት ሁልጊዜ በግልጽ መንገር ነው።

የአርጉመንት ብዛታቸው የማይወሰን፣ እንደ ፕሪንትኤፍ ያሉ ፈንክሽኖች ለብቻቸው ታሪክ አላቸው። ለእነሱ ሊብኤፍኤፍአይ የተለየ ማዘጋጃ ፈንክሽን አለው። ብዙ ሰው በተራው ማዘጋጃ ሲጠራቸው ኖሯል፤ ኢንቴል ላይም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራ ነበር። አፕል ወደ ራሱ የአርም ቺፖች ሲዞር ግን ነገሩ ተገለጠ። በአፕል ስምምነት እነዚያ ተጨማሪ አርጉመንቶች ሬጅስተር አያገኙም፤ ሁሉም ስታክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ያው የድሮ ኮድ በአዲሱ ማክ ላይ ውዳቂ ማተም ጀመረ።

እስካሁን ያወራነው ከፓይተን ወደ ሲ ስለሚሄድ ጥሪ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ተቃራኒው ነው። የሲ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ኪውሶርት የሚባል ፈንክሽን አለ። ዝርዝር ይደረድራል፤ ማነጻጸሪያውን ፈንክሽን ግን ከእናንተ ይፈልጋል፣ በአድራሻ። የፓይተን ፈንክሽን ደግሞ የማሽን አድራሻ የለውም፤ ኢንተርፕሬተሩ ብቻ የሚያውቀው ኦብጀክት ነው። ሊብኤፍኤፍአይ እዚህ ጋ ክሎዠር የሚባል ነገር ይሠራል። ትራምፖሊን የምትባል ቁራጭ የማሽን ኮድ ያሰናዳና አድራሻዋን ለኪውሶርት ይሰጣል። ኪውሶርት የሲ ፈንክሽን የጠራ መስሎት ወደ እሷ ይዘላል። ትራምፖሊኗ በየሬጅስተሩ ያለውን ሰብስባ ለፓይተን ታስረክባለች።

ይህ ብልሃት ከደኅንነት ሰዎች ጋር አጣልቶታል። እየሮጠ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ሊጻፍበትም ሊሮጥም የሚችል ሜሞሪ ይፈልጋል። ሰርጎ ገቦች የሚመኙትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ኤስኢሊነክስን የመሳሰሉ ጥበቃዎች ሊከለክሉት ይችላሉ። አንዱ መፍትሔ ያንኑ ሜሞሪ በሁለት አድራሻ ማየት ነበር፤ በአንዱ ይጻፋል፣ በሌላው ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሊብኤፍኤፍአይ እትም 3.4 ደግሞ ትራምፖሊኖቹን አስቀድሞ ኮምፓይል አድርጎ የመያዝ መንገድ አመጣ። በዚህ መንገድ ሲሠራ እየሮጠ የሚቀየረው ዳታው ብቻ ነው፤ ኮዱ አይነካም።

ክሎዠር ለምትጠቀሙ አንድ ምክር። ለሲ የሰጣችሁትን የፓይተን ካልባክ፣ ማለትም ሲ መልሶ የሚጠራውን ፈንክሽን፣ በአንድ ተለዋዋጭ ያዙት። ካልያዛችሁት ፓይተን «የሚፈልገው የለም» ብሎ ይጠርገዋል። ሲ ግን አድራሻውን ይዞ ቆይቷል። ክራሹ የሚመጣው ቆይቶ፣ ምንም የማይገናኝ ቦታ ላይ ነው።

ሊብኤፍኤፍአይን የጀመረው አንተኒ ግሪን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ሲግነስ ሶሉሽንስ የሚባል ኩባንያ ውስጥ። ለብዙ ዓመታት ጂሲሲ የሚባለው የኮምፓይለሮች ስብስብ ምንጭ ኮድ ውስጥ አብሮ ኖረ፤ ጂሲጄ የሚባለው የጃቫ ኮምፓይለርም ይጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 እትም 3.0 ሆኖ ለብቻው ወጣ። ፈቃዱ ልቅ ስለሆነ ማንም ሶፍትዌሩ ውስጥ ማስገባት ይችላል፤ አስገብተውታልም። ሲታይፕስ ፓይተን ውስጥ የገባው በእትም 2.5፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የሩቢ ፊድል፣ የጃቫ ጄኤንኤ፣ ፒኤችፒ በ7.4 ያመጣው ኤፍኤፍአይ ሁሉም ከሥራቸው እሱ አለ። ሊነክስ ላይ ፕሮግራሞች መስኮቶቻቸውን ስክሪን ላይ የሚያሳዩበት ዌይላንድም ይጠቀምበታል፤ እዚያ ሁለተኛ ቋንቋ እንኳ የለም። ከሶኬት የመጣን መልእክት አንብቦ ተገቢውን የሲ ፈንክሽን መጥራት ያስፈልጋል፣ ቅርጹ የሚታወቀው ግን ከፕሮቶኮሉ መግለጫ ነው። ችግሩ ያው ስለሆነ መፍትሔውም ያው ሆነ።

ሁሉን ይችላል ማለት ግን አይደለም። የሚያውቀው የሲን ስምምነት ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ክላስና ቴምፕሌት ይዛችሁ ብትሄዱ አይረዳችሁም፤ መጀመሪያ የሲ ልብስ ማልበስ ይኖርባችኋል። በረስት ቋንቋ የጻፈም ፈንክሽኑን በሲ ስምምነት እንዲወጣ ምልክት ማድረግ አለበት። ፍጥነቱም ኮምፓይለሩ በቀጥታ ከሚያወጣው ጥሪ ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ጥሪ መግለጫውን እያየ ዕቃ ማስቀመጥ አለበትና። የሉዋን ቋንቋ በፍጥነት የሚያስኬደው ሉዋጂት ግን የራሱን ኤፍኤፍአይ ሠርቶ ጥሪውን እዚያው ወደ ማሽን ኮድ ይለውጠዋል። አንድ ትልቅ ምስል ለሲ ሰጥታችሁ ውጤቱን የምትጠብቁ ከሆነ ልዩነቱ አይሰማችሁም። ለእያንዳንዱ ፒክስል አንዳንድ ጥሪ የምታደርጉ ከሆነ ግን፣ ሉፑን ራሱን ወደ ሲ አሻግሩትና አንዴ ብቻ ጥሩ።