የካርቦን ቸርኬና የጎማ ስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለአስፋልት ብስክሌቱ የካርቦን ቸርኬ ሊገዛ የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ግራም ነው?" ብሎ ነው። እኔ ጎማው ይቅደም ባይ ነኝ። መጀመሪያ ፍሬሙ የሚያስገባው ጎማ ይታወቅ፣ ከዚያ ቸርኬው ለጎማው ይመረጥ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘብ ይባክናል፣ አንዳንዴም አጥንት ይሰበራል።

"ቀጭንና ጠንክሮ የተነፋ ጎማ ይፈጥናል"

ፕሮፌሽናሎቹም ለረጅም ጊዜ በዚህ አምነው በ23 ሚሊ ሜትር ጎማ ይወዳደሩ ነበር። ዛሬ 28 እና ከዚያ በላይ ይጠቀማሉ። እኩል የተነፉ ሁለት ጎማዎች መሬቱን የሚነኩበት ቦታ፣ ማለትም አሻራቸው፣ በጠቅላላ መጠኑ ይቀራረባል፤ የቀጭኑ አሻራ ግን ረዝሞ ይጠባል፣ የሰፊው አጥሮ ይሰፋል። አሻራው ሲረዝም ጎማው የበለጠ ይታጠፋል፤ ጉልበት የሚባክነውም ላስቲኩ ታጥፎ ሲመለስ ነው። በዚያ ላይ ሻካራ አስፋልት አለ። ድንጋይ እስኪሆን የተነፋ ጎማ በየጠጠሩ ብስክሌቱንም ነጂውንም ያነጥራል፣ ያም ከእግራችሁ ጉልበት የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ገዝቶ እንደ ቀጭኑ አጠንክሮ መንፋት ዋናውን ጥቅም መጣል ነው።

"ጎማው ላይ 28 ከተጻፈ 28 ነው"

የጎማውን ጎን ብታዩ 28-622 የሚል ታገኛላችሁ። 622 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። 28ቱ ግን በመለኪያ ቸርኬ ላይ የተወሰደ ልክ ነው። የቸርኬው የውስጥ ስፋት 1 ሚሊ በጨመረ ቁጥር ጎማው በግምት 0.4 ሚሊ ይሰፋል። በ19 ሚሊ ቸርኬ ላይ ልክ 28 የነበረው ጎማ 23 ሚሊው ላይ ሲገባ ወደ 30 ይጠጋል ማለት ነው። ነፍታችሁ አሳድሩትና በማግስቱ በካሊፐር (ውፍረትን በሚሊ በሚለካ መሣሪያ) ለኩት፤ አዲስ ጎማ አድሮ ትንሽ ይለጠጣል። ቀጥሎ ባለ 4 ሚሊ ብሩጎላ ቁልፍ በጎማውና በፍሬሙ መካከል አሳልፉ። ከነካ፣ ጎማው ለዚያ ፍሬም ሰፍቷል።

"ጥልቅ ቸርኬ ምንጊዜም ይሻላል"

ጥልቅ የሚባለው ነፋስን እንዲሰነጥቅ ጠርዙ ወደ መሃል የረዘመ ቸርኬ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ግን የፊተኛው ጥልቅ ቸርኬ መሪውን ይገፋል፤ ቀላል ክብደት ያለው ነጂ ይበልጥ ይቸገራል። የነፋስ ጥቅሙም በጎማው ይወሰናል። የተለመደው ስሌት የቸርኬው የውጭ ስፋት ከተለካው የጎማ ስፋት ቢያንስ 5 በመቶ ይብለጥ ይላል፤ ለ28 ጎማ 29.4 ሚሊ መሆኑ ነው። ይህ የፍጥነት ጉዳይ እንጂ የደኅንነት አይደለም።

"200 ግራም መቀነስ ዳገቱን ያቀለዋል"

ነጂና ብስክሌት 80 ኪሎ ከሆኑ 200 ግራም 0.25 በመቶ ነው። የሚሽከረከር ክብደት ቢበዛ እጥፍ የሚቆጠረው ፍጥነት ስትጨምሩ ብቻ ነው።

"ማንኛውም ጎማ ለማንኛውም ቸርኬ ይሆናል"

ይህኛው በጣም ያስፈራኛል። ሁክለስ የሚባለው ቸርኬ የጎማውን ጠርዝ አንቆ የሚይዝ መንጠቆ የለውም። የሚቀበለው ለእሱ የተፈቀደ የቱብለስ ጎማ (ያለ ውስጥ ላስቲክ የሚነፋ) ብቻ ሲሆን የግፊት ጣሪያው 5 ባር፣ በሌላው የግፊት መለኪያ 72.5 ፒኤስአይ ነው። በቀጭን ጎማ ዘመን 100 ፒኤስአይ እና ከዚያ በላይ መንፋት የለመደ እጅ ሳያስበው ያልፈዋል፤ ጎማውም ከቸርኬው ሊፈናጠር ይችላል። የውስጥ ስፋቱ 25 ሚሊ ለሆነ ሁክለስ ቸርኬ የወቅቱ መመዘኛ ቢያንስ 29 ሚሊ ጎማ ይጠይቃል፤ 28ቱ የገባ ቢመስልም አይፈቀድም። በቸርኬውና በጎማው ላይ የተጻፈው የግፊት ጣሪያ ከተለያየ የምትከተሉት ዝቅተኛውን ነው።