የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ምንድን ነው? በደጋማ በረሃ የዕረፍት ቤት ለሚሠራ ሰው

በረሃ ሲባል ቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሐሩር ነው። ደጋማ በረሃ ላይ የዕረፍት ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው “ሙቀቱን እንዴት ልቋቋመው?” ብሎ ነው። ቤቱን የሚፈትነው ግን ሙቀቱ ብቻ ወይም ብርዱ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሳየ ቴርሞሜትር በማግስቱ ጎህ ሲቀድ 10 ዲግሪ ላይ ቢገኝ፣ በመካከሉ ያለው 22 ዲግሪ የቀንና የሌሊት የሙቀት ልዩነት ይባላል። በውቅያኖስ ዳርቻ፣ እርጥበት በበዛበት አገር፣ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ አይበልጥም። በደጋማ በረሃ 20 ዲግሪ ብርቅ አይደለም።

“ደጋማ በረሃ” የሚለው ስም ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት በምዕራብ አሜሪካ ነው። በኦሪገን የቤንድ ከተማ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኒው ሜክሲኮ ሳንታ ፌ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በካሊፎርኒያ ደግሞ በጆሹዋ ትሪ ዙሪያ ያለው የሞሃቪ በረሃ ከፍተኛ ክፍል በዚሁ ስም ይጠራል። ሦስቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። ቤንድ ላይ በረዶው ያይላል፤ ጆሹዋ ትሪ ላይ የቀኑ ሐሩር። የሚያመሳስላቸው ደረቅ አየር፣ ጥርት ያለ ሰማይና ጀንበር እንደጠለቀች ከተፍ የሚለው ብርድ ነው።

ብርዱ እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣው የሚከለክለው ስለሌለ ነው። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ስትለቅ ከፊሉን ይዞ ይመልስላታል። በደረቅ አገር ይህ ልብስ ስስ ነው፤ ደመናውም አይገኝም። ከፍታው ሲታከልበት አየሩ ራሱ ይሳሳል፤ 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቀን ብዙም ሳትጣራ ትወርዳለች፣ ሙቀቱም ሌሊት ያለ ከልካይ ይወጣል። ደረቁ አፈር ደግሞ የሚተን ውሃ ስለሌለው የፀሐዩ ጉልበት በአብዛኛው መሬቱንና አየሩን ለማሞቅ ይውላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ቦታ ለመምረጥ ይጠቅማል። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና በጎድጓዳ ስፍራ ይተኛል። በዚህ ምክንያት ከነፋስ የተጠለለ የሚመስለው ረባዳ ቦታ ከፍ ብሎ ካለው ተዳፋት ይልቅ ብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ውርጭ ቀድሞ የሚገባውም እዚያ ነው። በሙቀት ወራት ነጎድጓዳማ ዝናብ ደራሽ ጎርፍ የሚወርድበትም ያው ረባዳ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ቦይ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ከተዳፋቱ ወገብ ላይ መሥራት ሁለቱንም ያስቀራል።

ልዩነቱ ቤት ላይ የሚያደርሰውን በቆርቆሮ ጣሪያ ማየት ይቻላል። ጥቁር ጣሪያ ቀን ከአየሩ በጣም ይልቅ ይሞቃል፤ ሌሊት ሰማዩን ፊት ለፊት ስለሚያይ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የጣሪያው የቀንና የሌሊት ልዩነት 50 ዲግሪ ቢደርስና የብረቱ ርዝመት 12 ሜትር ቢሆን፣ ብረቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ተመልሶም ያጥራል። ይህ በየቀኑ ነው። ብሎኑ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ጎሚኒው ይላላል፣ አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ይታያል። መፍትሔው ብረቱን አጥብቆ ማሰር አይደለም። እንዲንሸራተት የሚፈቅድ ማያያዣ መጠቀም ይገባል።

ከዚህ የባሰው ልዩነቱ ዜሮ ዲግሪን ሲሻገር ነው። በፀደይና በመከር ቀን ላይ 12 ዲግሪ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 4 የሚሆንባቸው ሳምንታት አሉ። ቀን የቀለጠው በረዶ ወደ ልስኑ ስንጥቅ ይገባል፤ ሌሊት ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምርና ስንጥቁን ያሰፋል፤ በማግስቱ የሰፋው ስንጥቅ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ለግድግዳና ለሲሚንቶ ሥራ፣ ሳይቀልጥ የሚከርም ጽኑ ብርድ ከዚህ መመላለስ ይሻላል። እንዲህ ባለ አገር ለጣሪያው ጠርዝ፣ ለመስኮቱ ደፍና ለደረጃው ጥሩ የውሃ መውረጃ ከማንኛውም ጌጥ መቅደም አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህን ልዩነት ጠላት ከማድረግ ይልቅ ወዳጅ ያደረጉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውና በ1992 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ታኦስ ፑዌብሎ ወፍራም ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ ከውጭ እጅዎን ቢያሳርፉ ትኩስ ነው፤ ገብተው የውስጡን ፊት ቢነኩት ገና ቀዝቃዛ ነው። ሙቀቱ በግድግዳው ውስጥ እየተጓዘ ስለሆነ ነው። 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ላለው የጭቃ ጡብ ይህ ጉዞ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የቀኑ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሌሊት፣ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ባለሙያዎች ሙቀት የሚያጠራቅመውን ይህን ከባድ አካል “ተርማል ማስ” ይሉታል፤ የጭቃ ጡብም ሆነ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ምክንያት ስለ በረሃ ቤት የሚሰጠው ምክር ሁሉ “ወፍራም ግድግዳ ሥሩ” ይላል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን በየቀኑ ሰው ለሚኖርበት ቤት። የዕረፍት ቤት በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ይህ ሒሳቡን ይቀይረዋል።

እስኪ እናስላው። 100 ካሬ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ግድግዳ 48 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህን ክብደት በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። በጃንዋሪ ዓርብ ማታ ደርሰው ቤቱን 4 ዲግሪ ላይ አገኙት እንበል። ግድግዳውን 19 ዲግሪ ለማድረስ 180 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 5 ኪሎዋት ማሞቂያ ቢኖርዎት፣ ወደ ውጭ የሚባክነው ባይቆጠር እንኳ፣ 36 ሰዓት ነው። ቤቱ የሚሞቀው እሑድ ጠዋት፣ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ነው ማለት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ግድግዳ ፍቅር የተያዘ ሰው ይህን ቁጥር ንድፉ ሳይጸድቅ በፊት እንዲያየው ከልቤ እመኛለሁ።

ስለዚህ ለዕረፍት ቤት የምመርጠው ይህን ነው፦ ውጭውን በደንብ በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ ከባዱን አካል ከመከላከያው በስተ ውስጥ አድርጎ በልኩ መወሰን፣ እሱንም የብርድ ወራት ፀሐይ በምትደርስበት ቦታ ማኖር። የሳሎኑ የኮንክሪት ወለል ብዙ ጊዜ ይበቃል። መኝታ ክፍሎች ቀላል ግድግዳ ይኑራቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞቃሉ። ሰው በሌለበት ጊዜም በደቡብ መስኮት የምትገባው ፀሐይ ወለሉን እያሞቀች ቤቱ እንዳይረጋ ታግዛለች።

የደቡቡ መስኮት በሙቀት ወራት እንዳይጎዳ የጣሪያው ክፈፍ በልክ መውጣት አለበት። በ35 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በጁን መጨረሻ እኩለ ቀን ፀሐይ 78 ዲግሪ ተኩል ከፍታ ላይ ትሆናለች፤ በዲሴምበር መጨረሻ 31 ዲግሪ ተኩል ብቻ። 60 ሳንቲሜትር የወጣ ክፈፍ በጁን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ታች ይጥላል፤ መስኮቱ በሙሉ ይጋረዳል። በዲሴምበር ጥላው 37 ሳንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ፀሐይ እስከ ወለሉ ውስጥ ትዘልቃለች። የምዕራብ መስኮት ግን በክፈፍ አይረዳም፤ የተሲያቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ትገባለች። ትንሽ አድርጎ ከውጭ መዝጊያ ማበጀት ይበጃል።

ባዶ ቤትን የሚያበላሸው ሌላው ነገር ቧንቧ ነው። ቀን ፀሐያማ ስለነበር ሌሊት ውርጭ አይመጣም ማለት እዚህ አይሠራም። ቧንቧ በውጭ ግድግዳ ውስጥ አይለፍ፤ ሁሉም ወደ አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ተዳፍቶ በአንድ መክፈቻ ባዶ የሚሆን ይሁን። በእጅ መታጠቢያና በመጸዳጃ ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ የሚቀረው ውሃ ሁለት ችግር አለው፦ በብርድ ይረጋል፣ በደረቅ ወቅት ደግሞ ተንኖ ያልቅና የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት ይገባል። ለብርዱ ወራት መርዛማ ያልሆነ የፕሮፒሊን ግላይኮል ፀረ በረዶ ማፍሰስ ለሁለቱም ያገለግላል።

ደረቁ አየር በጎም ያመጣል። ውሃ በማትነን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ እዚህ ከአየር ማቀዝቀዣ ባነሰ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ በሙቀት ወራት ሌሊት ወለልና ጣሪያ አካባቢ ያሉ መስኮቶችን ከፍቶ ቤቱን ማናፈስና ጠዋት መዝጋትም በብዙዎቹ ቀናት ይበቃል። እንጨት ግን ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ከመገጠሙ በፊት በቦታው ሳምንታት ቢሰነብት ጥሩ ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቀለምና ቫርኒሽ ቶሎ ይነሣሉ።

ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር መሬቱ ላይ ቢያኖሩ ጥሩ ነው፤ አንዱን በረባዳው፣ አንዱን በተዳፋቱ ላይ፣ ሁለቱንም በጥላ። የአውሮፕላን ማረፊያው መረጃ የእርስዎን ኮረብታ አያውቀውም። አንድ ዓመት መጠበቅ ቢያቅትዎ እንኳ የመከሩን ሌሊቶች አይለፏቸው፤ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ሰማዩ በጠራ ሌሊት ማግስት ጠዋት የሚያሳዩት ልዩነት ቤቱ የት መቆም እንዳለበት ይነግርዎታል።