የሚሞቅ የኮንክሪት ወለል ምንድን ነው?

የሚሞቅ የኮንክሪት ወለል ሲባል በውስጡ የፕላስቲክ ቧንቧ ተቀብሮ ሙቅ ውሃ የሚዘዋወርበት ወለል ማለት ነው። ቧንቧው ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር ይታሰራል፤ በአንዱና በሌላው መስመር መካከል አብዛኛውን ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ውሃው መፍላት የለበትም፤ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃል።

በጥር ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስበት እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ ባለ አገር የመኪና ማቆሚያውን የእንጨት ሥራ ቤት ያደረገ ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል። በብርድ ኮላ በደንብ አይይዝም፤ አየር የሚነፋ ማሞቂያ ደግሞ የመጋዝ ብናኙን ቫርኒሹ ባልደረቀ ጠረጴዛ ላይ ይበትነዋል። ወለሉ ግን ያለ ነፋስ ያሞቃል። ትልቁ በር ተከፍቶ ሲዘጋም ቤቱ ቶሎ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የተከማቸው በኮንክሪቱ ውስጥ ነውና።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ቧንቧው ነው። ወጪውን የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው ነገር ነው። «ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል» የሚባለው ለሞቀ አየር ነው፤ ኮንክሪት ሙቀቱን ቀዝቃዛ ወደሆነው አቅጣጫ ሁሉ ይሰጣል፣ ወደ መሬትም ጭምር። ስለዚህ በተጠቀጠቀው ጠጠር ላይ እርጥበት የሚከለክል ላስቲክና 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም ይነጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጠርዙ ነው። የወለሉ ዙሪያ በፎም ካልተከለለ በውጭ በኩል ከግድግዳው ሥር ያለው በረዶ ሲቀልጥ ይታያል፤ ባለቤቱ ጓሮውን እያሞቀ ነው ማለት ነው። ጣሪያና ግድግዳ ላይ በኋላም መጨመር ይቻላል፤ ከኮንክሪት ሥር ግን አንዴ ካለፈ አለፈ።

ሌላው ጠባዩ ዝግታው ነው። 40 ካሬ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ወደ 10 ቶን ይመዝናል። ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ወደ 23 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል፤ ባለ 5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ምንም ሳይባክን እንኳ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚያዋጣው ወቅቱን ሙሉ ለብ አድርጎ ማቆየት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ለሚሠራ ሰው እኔ አልመክረውም።

ኮንክሪቱ ሲሞላ ቧንቧው በግፊት እንደተሞላ ይቆያል፤ አካፋ ወይም ፌሮ ቢወጋው የግፊት መለኪያው ወዲያው ይናገራል። ከዚያ በፊት የቧንቧው መሄጃ ከግድግዳው ተለክቶ ፎቶ ይነሳል። ከዓመታት በኋላ ከባድ ማሽን በቡሎን ወለሉ ላይ ለማሰር ድሪል የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ፎቶ ነው።