ከመድኃኒት ዕፅዋት የሚዘጋጁ ናኖ ቅንጣቶችና የአቃቂ ውኃ

ናኖ ቅንጣት የሚባለው መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነ ደቃቅ ቁስ ነው፤ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጠንካራ ኬሚካል ይሠራል። በኬሚካሉ ፋንታ የቅጠል ቅቅል ሲገባ አረንጓዴ ዝግጅት ይባላል።

እነዚህ ቅንጣቶች የተበከለ ውኃን ለማጽዳት ስለሚሞከሩ ነገሩ ለአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ሩቅ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የመዲናዋን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ለምቶ ገበያ ይወጣል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ግቢው እዚሁ አቅራቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የናኖ ቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል አለው። ችግሩን ከደጁ የሚያይ ተቋም ማግኘት ለአካባቢው ትልቅ ዕድል ነው።

ዝግጅቱ ከጓዳ ሥራ ብዙ አይርቅም። እናቶቻችን ጋን የሚያጥቡበት ግራዋ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይቀቀላል፣ ይጠለላል። ፈዛዛው ቅቅል ሲልቨር ናይትሬት ከተባለው የብር ጨው ጋር ሲደባለቅ ቀስ እያለ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ የብር ቅንጣት መፈጠሩ በዓይን የሚታወቀው በዚህ ነው። ሥራውን የሚሠሩት በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖልና ፍላቮኖይድ የተባሉት የተፈጥሮ ውሁዶች ናቸው። ለብሩ ኤሌክትሮን ይሰጡታል፣ ዙሪያውንም ከበው ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ ይጠብቃሉ። የሚዘጋጀው ዚንክ ኦክሳይድ ከሆነ ከድብልቁ የሚገኘው ዝቃጭ በምድጃ ይጋገራል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ማቅለሚያን ይሰባብራል። የብረት ቅንጣት ደግሞ መርዛማውን ባለ ስድስት ክሮሚየም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ባለ ሦስት ይቀይራል።

የአገራችንን ዕፅዋት በሳይንስ መመርመር አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ተሸካሚ ነውና፣ ከዚያ የተነሣው የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ገደቦቹም መነገር አለባቸው። አብዛኛው ሙከራ የሚካሄደው በንጹሕ ውኃ ላይ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ማቅለሚያ ተጨምሮ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነው፤ የአቃቂ ውኃ ግን የብዙ ነገር ድብልቅ ነው። ቅጠሉ የተቀጠፈበት ወቅትና አፈር ሲለይ የቅንጣቱም መጠን ይለያል። ውኃው ውስጥ የሚቀር ብር ዓሣንና ጠቃሚ ተሕዋስያንን ምን ያህል ይጎዳል የሚለው አከራካሪ ነው። በዚህ ምክንያት ቅንጣቱን ከሸክላ ወይም ከከሰል ጋር አጣብቆ መጠቀም ይመረጣል፤ ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ግን ሥራውን ሲጨርስ በማግኔት ተለቅሞ ይወጣል።