«በሐፍረት ሞትኩ» እና የእንግሊዝኛው «ሞርቲፋይድ»፦ የቁስል ቃል እንዴት የሐፍረት ቃል ሆነ?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ በጣም ሲያፍር «ሞርቲፋይድ ሆንኩ» ይላል። እኛ «በሐፍረት ሞትኩ» እንላለን። ሁለቱም ውስጥ ሞት አለ። የሚሞተው ነገር ግን ይለያያል። በአማርኛው የሚሞተው ሰውዬው ነው፣ ከእግር እስከ ራሱ። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ለብዙ ዘመን የቁስል ሐኪሞች ቃል ነበር፤ እዚያ የሚሞተው ጣት ነው፣ እግር ነው፣ የተጎዳ ክንድ ነው። ሰውዬው አለ፣ ይበላል፣ ያወራል፣ አንድ የገላው ክፍል ግን እያየው ይበሰብሳል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በላቲን «ሞርስ» ሞት ነው፣ «ፋኬሬ» ደግሞ ማድረግ። ሁለቱ ተጋጥመው «ሞርቲፊካሬ» ሆኑ፤ መግደል፣ ሙት ማድረግ ማለት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። በነገራችን ላይ አሜሪካ ቤት የገዛ ሰው በየወሩ የሚከፍለው ሞርጌጅም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በድሮ ፈረንሳይኛ «የሞተ መያዣ» ማለት ነበር።

ሐኪሞቹ «ሞርቲፊኬሽን» የሚሉት እኛ ዛሬ ጋንግሪን የምንለውን ነው። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይቀዘቅዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ይጠቁራል፤ ቁስሉ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሽታው ቤቱን ይሞላል። የድሮ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ነገሩን በሁለት ደረጃ ይከፍሉት ነበር። ሥጋው መሞት ጀምሮ ገና ተስፋ ካለው ጋንግሪን ይሉታል። ጨርሶ ከሞተና ምንም ካልተሰማው ግን «ስፋሴለስ» ነው። ይህ ሁለተኛው ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ አሁን ከድሮ የሕክምና መጻሕፍት ውጭ አይገኝም። ዛሬ ሐኪም የሚጠቀምበት «ኔክሮሲስ» እንኳ አንድ ጊዜ በአብዛኛው ለሞተ አጥንት ብቻ ነበር የሚባለው።

እነዚያን መጻሕፍት ሳነብ ሁሌ የሚይዘኝ አንድ ምልክት አለ። በሽተኛው ቀን ከሌሊት ሲጮህ ይሰነብትና ድንገት ሕመሙ ጸጥ ይላል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ይተነፍሳል፣ ሐኪሙ ግን የሚደነግጠው ያኔ ነው፣ ምክንያቱም ሕመሙ የቆመው ቁስሉ ስለዳነ ሳይሆን ሥጋው ስለሞተ ነው። የሞተ ሥጋ አያምም።

መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው ብዙ አልነበረም። ኩዊኒን የሚወጣበትን የዛፍ ቅርፊት ያጠጡ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የለንደኑ ፐርሲቫል ፖት ደግሞ የእግር ጣት ሲሞት ኦፒየም ይሰጥ ነበር። ከዚያ ያለፈውን መጋዝ ይጨርሰዋል። መጋዙ ራሱ ንጹሕ ስላልነበር የተቆረጠው ቦታም መልሶ ይሞታል። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጽዳት ምን እንደሚያደርግ ጽፎ ያሳየው በ1867 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ይህ ሞት ድሃና ሀብታም አይለይም ነበር። የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን የሙዚቃ ሹም፣ ዣን ባፕቲስት ሉሊን፣ ውሰዱ። በ1687 መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ከቀዶ ሕክምና በመዳኑ የምስጋና መዝሙር ይመራል። በዚያ ጊዜ ሙዚቃ የሚመራው ረጅም በትር መሬት ላይ እየመቱ ነበር። በትሩ እግሩን አገኘው። ቁስሉ መገለ፣ ከዚያ ጠቆረ። ይቆረጥ ቢሉት እምቢ አለ፣ መጋቢት 22 ቀን ሞተ። ዘፈን ለዘፈኑለት ንጉሥም ከ28 ዓመት በኋላ ያው ነገር መጣ። እግሩን ሲያመው ሐኪሙ ፋጎን የነርቭ ሕመም ነው አለ። እግሩ ላይ ጥቁር ምልክት ሲወጣ ግን ነገሩ አለቀ። ሉዊ መስከረም 1 ቀን 1715 አረፈ፤ 77 ዓመት ሊሞላው 4 ቀን ቀርቶት ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ መግልና ሽታ ወደ ሐፍረት እንዴት ተደረሰ? ሲሰሙት «እንደ ቁስል የሚያበሰብስ ሐፍረት» የሚል ምሳሌ ይመስላል። መንገዱ ግን በሐኪም ቤት አልነበረም። በገዳም በኩል ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቆላስይስ 3፥5 ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው፤ በእኛው ትርጉም «ብልቶቻችሁን ግደሉ» የሚለው ማለት ነው። ሥጋን መግደል ማለት መጾም፣ መስገድ፣ ምኞትን መቅጣት ነው።

ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሥጋን መጎሰም የሚለው አነጋገር አለን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኩስ የሙታን ጸሎት፣ ፍትሐት፣ ይደረስለታል። ለዓለም ሞቷልና ነው። ቆሞ በራሱ ፍትሐት ላይ ይገኛል። «የቁም ሞት» ስንል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የት ይገኛል?

እንግሊዞቹ ጋ ሥጋን መግደል ቀስ ብሎ ኩራትን መግደል ሆነ። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ቃሉ ከጸሎት ቤት ወጥቶ ሳሎን ገባ፤ አንድ ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ ኩራቱ ተገደለ፣ «ሞርቲፋይድ» ሆነ ይባል ጀመር። ሦስቱም ትርጉሞች አብረው ለረጅም ጊዜ ኖረዋል። የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755 ሲታተም ለ«ሞርቲፊኬሽን» መጀመሪያ የሚሰጠው ፍቺ ጋንግሪን ነው፤ ንዴቱና ውርደቱ ከታች ነው የሚመጡት። አሁን ተገልብጧል። ቡና ልብሱ ላይ የፈሰሰበት ሁሉ «ሞርቲፋይድ» ነኝ ይላል፣ ስለ ቁስሉ ግን የሚያስብ የለም።

የእኛ «ሞትኩ» ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በሳቅም እንሞታለን፣ በረሃብም፣ በፍቅርም። ሐፍረት ላይ ሲመጣ ግን ይከብዳል። ልጁ ሠርግ ቤት ሲያዋርዳት እናት «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ» ትላለች። እሷ የምትፈልገው መሞት ብቻ አይደለም፤ መቀበርም፣ ከሰው ዓይን መጥፋትም ጭምር ነው። ለእኔ የአማርኛው አባባል ሐፍረቱ የተያዘበትን ደቂቃ በደንብ ይገልጻል። የእንግሊዝኛው፣ የድሮ ትርጉሙ ከተመለሰለት፣ የሚገልጸው ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት ነው፤ አንዱ ክፍልህ ሞቶ ከቀረው ገላህ ጋር ይዘኸው የምትሄድበትን።

ለሚተረጉሙ አንድ ነገር ልበል። የ18ኛው መቶ ዘመን ደብዳቤ ላይ እግር «ሞርቲፋይድ» ሆነ የሚል ካገኛችሁ እግሩ ሞቷል፣ ጠቁሯል ማለት ነው። ሰውዬው «ሞርቲፋይድ» ሆነ ካለ ደግሞ መነኮሰ ይሁን ወይም አፈረ ዙሪያውን አንብቡ። ለሕመሙም «ጋንግሪን» ብቻ አይደለም ያለን። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥17 ላይ ግሪኩ «ጋንግሬና» ሲል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጭንቁር» ብሎታል። ሥጋ እየበላ የሚሄድ ቁስል ነው። እኔ ከዚህ በኋላ ስተረጉም የምጽፈው ይህንን ነው።