ካራሜል የሚሸት ሻይ፣ ከሐልዋ ጎን

ባለጣዕም ሻይ የሚባለው ከራሱ ከሻይ ቅጠሉ ሌላ የሆነ ነገር ሽታውን የሰጠው ሻይ ነው። ቅመም ሊሆን ይችላል፣ አበባ ሊሆን ይችላል፣ የብርቱካን ልጣጭ ሊሆን ይችላል፣ ፋብሪካ ውስጥ የተረጨ የቫኒላ ፈሳሽም ሊሆን ይችላል። ከነዚህ መሃል አንዱ ወገን የኬክ ቤት ሽታ ያለው ነው፦ ካራሜል፣ ቸኮላት፣ የፖም ኬክ፣ ኩኪስ። ድሬዳዋና ሐረር የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ካርቶኑ ያምራል። ሲከፈት ቤቱን ያውደዋል። ከዚያ ሰው እንደለመደው ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርበትና «ታዲያ ከኛ ሻይ በምን ተለየ?» ይላል።

የሚለየው ስኳሩ ከመግባቱ በፊት ነው አቦ። መጀመሪያ ባዶውን ቅመሱት፣ ከዚያ ወዲያ እንደፍላጎታችሁ።

ለዚህ ዓይነት ሻይ ጊዜው መጸው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው። አውሮፓና አሜሪካ በዚሁ ሰሞን ቅጠል ይረግፋል፣ ብርዱ ይገባል፣ ሻይ ሻጮችም ቀረፋና ቅርንፉድ የበዛበትን ሁሉ ያኔ ያወጣሉ። ከነዚህ በጣም የታወቀው «የዱባ ቅመም» የሚሉት ነው። ከዱባ ኬክ ጋር የሚገባው ቅመም ስለሆነ ነው እንጂ ሽታው የዱባ አይደለም፤ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ ነው። ስታርባክስ በ2003 እ.ኤ.አ. ወተት ባለው ቡና መልክ ካወጣው ወዲህ በየዓመቱ መስከረም በመጣ ቁጥር ሻዩም፣ ብስኩቱም፣ ሻማው ሳይቀር እሱን እሱን ይሸታል።

እኛ ጋ መጸው ሌላ መልክ አለው። ሐረር ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዝናቡ ሲያቆም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጋቢ ይወጣል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ ስታቃጥል ትከርምና ከጥቅምት ማለቂያ ጀምሮ ማታ ማታ ሰው መሆን ይቻላል። ሰኔ ላይ ካራሜል የሚሸት ትኩስ ነገር አምጡ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ኅዳር ላይ ግን ከመግሪብ በኋላ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ወገን ነፋሱ ሲነሳ፣ ትኩስ ነገር ራሱ ይጠራል። በዚሁ ወቅት በሐረርጌ ደጋ የቡና ለቀማም ይካሄዳል። እሱ ከሻይ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚህ አካባቢ ሻይ ባዶውን የሚፈላበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የሶማሌው ሻይ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ተወቅጦበት ከውሃው ጋር ይፈላል፣ ስኳሩም ገና እሳት ላይ እያለ ይገባል፤ ወተት ሲጨመርበት ሻህ ዓዴስ ነው። የየመኖቹ የዓደን ሻይ የሱ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ወተቱ ወፈር ይላል እንጂ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ ድሬዳዋ ስትቆረቆር ዓረቡም፣ ህንዱም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ተከትሎ ስለገባ ማድቤቱም በዚያው ተደባለቀ። ከመሃል አገር የመጣው ደግሞ ኮረሪማ ይፈለፍላል፣ ጤና አዳም ጣል ያደርጋል። ሄልና ኮረሪማ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሽታቸው ግን አይምታታም፤ ሄል ስል ነው፣ አፍንጫን ቶሎ ይከፍታል፣ ኮረሪማ ለስለስ ብሎ ወደ ጭስ ያደላል። ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ገብታችሁ ሁለቱንም በትንሽ በትንሹ ግዙና ጎን ለጎን አሽትቱ። ሻይ ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፣ ዋጋውም ከካርቶኑ ጋር አይወዳደርም።

የጣፋጭ ሽታ ያለውን ሻይ ለሐረር ሰው ለማስረዳት ሐልዋ ይበቃል። ሐልዋ ስኳር፣ የበቆሎ ስታርችና ቅባት ነው፤ ሐልዋ ሐልዋ የሚያሰኘው ግን ሄሉና ገውዙ ነው። ያው ሄል ሻዩ ውስጥም አለ። ስለዚህ ጁገል ውስጥ ሐልዋ እየቆረሰ ባለሄል ሻይ የሚጠጣ ሰው አፉ ውስጥ የሚያደርገውን ነገር፣ የውጭ ፋብሪካ አንድ ከረጢት ውስጥ ጠቅልሎ ሊሸጥለት እየሞከረ ነው። እነሱ የኬኩን ሽታ ከሳህን አንስተው ኩባያ ውስጥ ከተቱት፤ እኛ ሐልዋውን ሳህኑ ላይ ተውነው። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ያለው ቤት ደግሞ ጭራሽ ባለካራሜል ሻይ ምን ያደርግለታል?

የሚያደርግለት አለ፣ ከስኳር ጋር ላልተስማማ ሰው በተለይ። ምላስ ብቻውን የሚለየው ጥቂት ነገር ነው፦ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨው፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም። ቀሪውን ሁሉ፣ ቫኒላውን፣ ቀረፋውን፣ የተቃጠለ ስኳሩን፣ የሚያውቀው አፍንጫ ነው፤ ትንፋሹ ከጉሮሮ ወደ ኋላ ዞሮ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ። አንጎል ደግሞ ቫኒላን ከልጅነቱ ጀምሮ ከጣፋጭ ጋር ስለሚያገኘው፣ ስኳር የሌለበት የቫኒላ ሻይ ሲመጣለት ጣፋጭ ነው ብሎ ያስባል። ካላመናችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ አንዴ ጎንጨት በሉ፣ ከዚያ ልቀቁት። አፍንጫው ሲለቀቅ ካራሜሉ ዘሎ ይመጣል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ውስጥ ግን ጣፋጩ ራሱ ሁሉንም ስለሚሸፍነው የካርቶኑ ዋጋ ውሃ በላው ማለት ነው።

ሽታው ቅጠሉ ውስጥ እንዴት ገባ የሚለው ጥራቱንም ይናገራል። የሻይ ቅጠል የጎረቤቱን ሽታ ሁሉ ይስባል። ቻይናዎች ይህን ጠባዩን አውቀው ሌሊት የሚፈካውን የጃስሚን አበባ ከቅጠሉ ጋር ደርበው ያሳድሩታል፣ ጠዋት አበባውን ለይተው ያወጣሉ፣ ጥሩው ላይ ይህ ብዙ ሌሊት ይደጋገማል። ኧርል ግሬይ የሚባለው ሻይ ሽታውን የሚያገኘው በአብዛኛው ደቡብ ጣሊያን፣ ካላብሪያ ላይ ከሚበቅለው ቤርጋሞት የሚባል የሎሚ ዘር ልጣጭ ከሚወጣው ዘይት ነው። ጃፓኖች የተቆላ ሩዝ ከአረንጓዴ ሻይ ጋር ይቀላቅላሉ፤ ቆሎ ለሚወድ አበሻ ይህን የሚያህል የለም፣ ካገኛችሁት አትለፉት። ኬክ ኬክ የሚሸተው ግን በአብዛኛው የተረጨ ነው። ነውር የለውም፤ የቫኒላ ዋና ሽታ የሆነው ቫኒሊን ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላብራቶሪ ይሠራል፣ የምንበላው ብስኩትና አይስክሬምም በሱ የተሞላ ነው። ብቻ የተረጨ ሻይ ካርቶኑ ውስጥ የሚሸተውን ያህል ኩባያ ውስጥ አይሸትም፣ ይህን አውቃችሁ ግዙ። የቸኮላት ፍርፋሪ ያለበት ከሆነ ደግሞ ላዩ ላይ ስስ ቅባት ይንሳፈፋል፤ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ።

አቀማመሱን ሙያተኞቹ በደንብ ጽፈውታል። አይሶ 3103 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ ይላል። ያ የሻይ ናሙና ለማወዳደር እንጂ ለደስታ አይደለም፣ 6 ደቂቃ የቆየ ጥቁር ሻይ ምላስ ያጨማድዳል። ቤት ውስጥ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃል። አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ፈልቶ ትንሽ ይብረድለት። ከዚህ ሌላ የሚጠቅመው ሁሉንም ሻይ በእኩል መጠን፣ በእኩል ጊዜ ማውጣትና በፍንጃል መቅዳት ነው። ትልቅ ብርጭቆ ከሆነ ሁለተኛው ላይ ትጠግባላችሁ። ስትቀምሱ ደግሞ ድምፅ እያሰማችሁ ሳቡት። እናቶቻችን ነውር ነው ያሉን ነገር እዚህ ሙያ ነው፤ አየር ሲገባ ሽታው ወደ አፍንጫ ይወጣል።

ቅደም ተከተሉ ላይ አትሳሳቱ። ቀለል ያለውን፣ አበባና ቫኒላውን በፊት፣ ቅርንፉድ የበዛበትን መጨረሻ። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የጥርስ ሐኪሞችም ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ነገር ስለሆነ ምላስን ትንሽ ያደነዝዛል። በመሃል ደረቅ ፉርኖ ቆረስ አድርጉ። በርበሬ ከበላችሁ በኋላ አይሞከርም። በርጫ ላይም እንደዚያው፤ ጫቱ አፍን መራራ ስለሚያደርገው እዚያ ሻይ ስኳር መጫኛ ነው፣ ለምን ጣፋጭ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዑንሲ የሚባለው የሶማሌ እጣን የሚጨስ ከሆነም ሌላ ክፍል ይሂድ፣ አለዚያ የቀመሳችሁት ዑንሲውን ነው።

ውሃው የድሬ ሰው ራስ ምታት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ ኖራው ብዙ ነው፣ የማንቆርቆሪያውን ውስጥ አይቶ የማያውቅ የለም። እንዲህ ዓይነት ውሃ ጥቁር ሻይ ላይ ስስ ልባስ ይሠራል፣ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ስሱን ሽታ ይገድላል። የታሸገ ውሃ ለአንድ ማታ ቢገዛ ልዩነቱ ይታያል። ከፍታውም የራሱ ነገር አለው፦ ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 96 ዲግሪ ላይ ነው፣ ሐረር ላይ ወደ 94። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 3 ደቂቃ ካለ ሐረር ላይ ትንሽ ጨምሩበት፣ ውሃውም ከእሳት ሲወርድ ወዲያው ይቀዳ።

ወተት? ጥቁር ሻይ ላይ የተመሠረቱት ካራሜል፣ ቸኮላትና ቀረፋ ወተት ይችላሉ። የወተቱ ፕሮቲን ሻዩን የሚያጨማድደውን ታኒን ስለሚይዘው ሻዩ ይለሰልሳል። የግመል ወተት ጨው ጨው የሚለው ነገር ካራሜል ላይ ያምርበታል፣ በኔ አፍ ከላም ወተት ይበልጣል። የፍራፍሬ ሻይ የሚባሉት ላይ ግን ወተት እንዳታደርጉ። አብዛኞቹ ውስጣቸው ሻይ የለም፤ ከርከዴና የደረቀ ፖም ናቸው፣ ከርከዴው ጎምዛዛ ስለሆነ ወተቱ ይቆራረጣል። ከርከዴ ከሆነ የፈለጋችሁት ካርቶኑ ለምን ያስፈልጋል፣ ገበያ ላይ ደረቁ አለ፤ ቀረፋ ጨምሮ ማፍላት ነው።

ወደ ቡናው ስመለስ፣ ሐረር የራሷ ቅጠልና ገለባ አላት። ቁጢ የሚባለው ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው። ሆጃ ደግሞ የደረቀው የቡና ገለባ ከወተት ጋር ነው። የሐረር ቡና ከነፍሬው በፀሐይ ስለሚደርቅ ገለባው የፍሬውን ጣፋጭነት ይዞ ይቀራል፤ ቡናውንም የወይንና የእንጆሪ ጠረን አለው የሚያሰኘው ይኸው አደራረቅ ነው፣ ማንም የረጨበት ነገር የለም። ባለጣዕም ሻይ ቀማሽ ነኝ የሚል ሰው ከሦስት የካርቶን ሻዮች መሃል አንድ ፍንጃል ቁጢ ያስገባ። የተቆላ ቅጠል ሽታው ከዚያ የጃፓኖቹ ሩዝ ብዙም አይርቅም፣ ታኒኑም አፍ አይይዝም። እኔን ብትጠይቁኝ ካርቶኖቹን ሁለቱን ይረታል።

ማስቀመጫው ላይ አጭር ነገር። ተስቦ የገባ ሽታ ተኖ ይወጣል፣ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ድሬም ሙቀት አላነሳትም። ካርቶኑን ከእጣኑና ከበርበሬው ጋር አንድ ቁምሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ወር ሳይሞላ በርበሬ የሚሸት ካራሜል ይጠጣል። በደንብ የሚዘጋ ቆርቆሮ፣ ጨለማ፣ ከምድጃው ራቅ ያለ ቦታ።

እና ያልወደዳችሁት ካርቶን ከተረፈ አትጣሉት። ሽታው የበዛበትን ግማሽ በግማሽ ከውሽውሽ ቅጠል ጋር ብትቀላቅሉት ቅጠሉ ራሱ ጉልበት ስላለው ቫኒላውን አደብ ያስገዛዋል። ለልጆች ማታ የሚሆነው ከደቡብ አፍሪካ በሚመጣው ሮይቦስ በሚባል ተክል ላይ የተሠራው ነው። ካፌይን የለውም፣ በተፈጥሮውም ጣፈጥ ስለሚል ስኳር ካልጨመርሽልኝ ብለው አያስቸግሩም። ጥቁር ሻይ ያለበት ባለቸኮላት ግን፣ ሽታው ምንም ቢሆን ያው ሻይ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ከሰጣችኋቸው የምታድሩት አብራችሁ ነው።