የባክቴሪያ እጥፍ መሆኛ ጊዜ ምንድን ነው?

"ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ማንበብ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ካልኩሌተር ይዞ መጣ። አንዲት ባክቴሪያ በ8 ሰዓት 16 ሚሊዮን ትሆናለች አለ። በ2 ቀን ደግሞ ዘሮቿ ከመሬት ይከብዳሉ። ሲጨርስም "ይሄ ሒሳብ ነው፣ ክርክር የለውም" ብሎ ዘጋው።

ሒሳቡማ ልክ ነው። ከ1 ተነስታችሁ 24 ጊዜ እጥፍ ስታደርጉት 16.7 ሚሊዮን ይመጣል። እስከ 2 ቀን ከገፋችሁበት እውነትም ከመሬት የሚከብድ ክምር ታገኛላችሁ። ግን መሬት ይኸው አለች። ባክቴሪያዎችም ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ኖረውባታል። ስህተቱ ማባዛቱ ላይ ሳይሆን 20 ደቂቃዋ ላይ ነው።

20 ደቂቃ ከየት መጣች? አንጀት ውስጥ ከምትኖረው ባክቴሪያ፣ ከኢ. ኮላይ። ያውም ላብራቶሪ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ምግብ በሞላበት ፈሳሽ፣ አየር እንዳያጥራት እየተናጠች። ያችኑ ኢ. ኮላይ ግሉኮስና ጥቂት ጨዎች ብቻ ባሉበት ውኃ ውስጥ አኑሯት፤ እጥፍ ለመሆን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ሙቀቱን ስትቀንሱ ደግሞ ይበልጥ ትዘገያለች። ዘረመሏ አልተለወጠም። የተለወጠው ያለችበት ሁኔታ ነው። እጥፍ መሆኛ ጊዜ እንደ ቁመት በባክቴሪያዋ ስም የሚመዘገብ ቁጥር አይደለም። የባክቴሪያዋና የአካባቢዋ የጋራ ውጤት ነው።

አንድ መኪና የፍጥነት መለኪያው ላይ የመጨረሻው ቁጥር 220 ነው እንበል። ይህን ያየ ሰው "በ10 ሰዓት 2,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ቢል ትስቁበታላችሁ። ዳገቱስ? ነዳጁስ? የአስተያየት ሰጪው ስሌት ከዚህ በምን ይለያል?

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ባክቴሪያን ወደ አዲስ ፈሳሽ ስታዛውሯት ቁጥሯ ወዲያው አይጨምርም። ብዙ ሰው ይህን እንቅልፍ ይለዋል። እንቅልፍ አይደለም፤ ሞተር ማሞቅ ነው። የተጎዳውን ትጠግናለች፣ ራይቦሶም (የሴሏን ፕሮቲን ሠሪ) ትሠራለች፣ ለአዲሱ ምግብ የሚሆኑ ኢንዛይሞችን ታዘጋጃለች። የነዳጁ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ፈረንሳዊው ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1941 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ሁለት ዓይነት ስኳር የቀረበላቸውን ባክቴሪያዎች ተከታተለ። ግሉኮስና ላክቶስ አንድ ላይ ብትሰጧት ኢ. ኮላይ ሁለቱን ቀላቅላ አትበላም። መጀመሪያ ግሉኮሱን ትጨርሳለች። ከዚያ እድገቷ ይቆማል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ፣ አሁን በላክቶስ፣ እንደገና መራባት ትጀምራለች። በመሃል የቆመችው ላክቶስ የሚሰብረውን ኢንዛይም እስክትሠራ ነው። ግሉኮስ እያለ ያንን ኢንዛይም መሥራት ብክነት ነበር። እስቲ እዚያች ቆይታ ላይ ቆማችሁ በየስንት ደቂቃው እጥፍ እንደምትሆን ንገሩኝ።

ምሳሌዬ የሚሰበረው ግን እዚህ ጋ ነው። መኪና ለመንገዱ ብሎ አካሉን አይቀይርም። ባክቴሪያ ትቀይራለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ሼክተር፣ ሞሎና ኬልድጋርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳልሞኔላ የተባለችውን ባክቴሪያ በተለያዩ ምግቦች አሳድገው ያሳዩት ይህንኑ ነው። በፍጥነት የሚያድጉት ሴሎች ትልልቅ ናቸው፣ አርኤንኤም በብዛት አላቸው። በቀስታ የሚያድጉት ትንንሽ ናቸው። ፍጥነት ሲጨምር ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦሶሞችም መብዛት አለባቸው።

ሌላም አለ። ኢ. ኮላይ ዲኤንኤዋን ሙሉ ለሙሉ ለመቅዳት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ታዲያ በ20 ደቂቃ እንዴት ትከፈላለች? የመጀመሪያው ቅጂ ሳያልቅ ሁለተኛውን ትጀምራለች። ስለዚህ ሴሏ ስትወለድ የልጆቿ ዲኤንኤ ቅጂ ተጀምሮ ነው የሚጠብቃት። ይህ ምግብ በሞላበት ጊዜ ብቻ የሚያዋጣ አካሄድ ነው። እኛ ግን እንደ ዘወትር ኑሮዋ ቆጥረነው ቁጭ አልን።

ምግቡ ሲያልቅስ? የአራቱን የእድገት ምዕራፎች ሥዕል ከትምህርት ቤት ስለምታስታውሱት አልደግመውም። ሥዕሉ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታየው፣ ቁጥራቸው መጨመር የሚያቆምበት ክፍል ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ባዶ አይደለም። ሴሎቹ ይኮማተራሉ። ዲፒኤስ የተባለ ፕሮቲን ዲኤንኤያቸውን ጠቅልሎ ይጠብቃል። ሙቀትንም አሲድንም በፍጥነት ከሚያድጉት ዘመዶቻቸው በተሻለ ይቋቋማሉ። እንደ ባሲለስ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዚህም አልፈው ስፖር፣ ማለትም ክፉ ጊዜን የሚያሳልፉበት ጠንካራ ሽፋን ያለው የማያድግ ሴል፣ ይሠራሉ። ተራ የፈላ ውኃ ብዙዎቹን ስፖሮች አይገድልም። ለዚህ ነው በላብራቶሪ ዕቃ ስናጸዳ በግፊት 121 ዲግሪ የምናደርሰው።

አለማደግ ከመድኃኒትም ሊያስጥል ይችላል። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ስታፊሎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ላይ ፔኒሲሊን ሲሞክር ጥቂቶች ሁልጊዜ ይተርፉበት ነበር። የተረፉትን አሳድጎ እንደገና ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ዘሮቻቸው እንደ በፊቱ ሞቱ። ስለዚህ የተረፉት መድኃኒቱን የሚቋቋም ዘረመል ስላላቸው አልነበረም። ፔኒሲሊን የሚጎዳው ግድግዳዋን እየገነባች ያለችን ሴል ነው። የማያድግ የሚገነባው ነገር የለውም። (እባካችሁ ይህን ከመድኃኒት መቋቋም ጋር አትቀላቅሉብኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከዘር ወደ ዘርም ይተላለፋል።)

ለነገሩ ሁሉም ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ አይደለም። ቪብሪዮ ናትሪጀንስ ሲመቻት ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እጥፍ ትሆናለች። የቲቢ ባክቴሪያ ሁሉም ነገር ተመቻችቶላት እንኳ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባታል። የቲቢ ካልቸር (ባክቴሪያዋን ከናሙና አሳድጎ የማየት ምርመራ) ውጤት ሳምንታት የሚያስጠብቀው ላብራቶሪው ስለለገመ አይደለም። የሥጋ ደዌን የምታመጣው ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ትወስዳለች፤ በሰው ሠራሽ ማብቀያ ላይ ብቻዋን ማሳደግም አልተቻለም።

የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው ሙከራ ለዚህ ክርክር ይመቸኛል። 12 የኢ. ኮላይ ስብስቦች ጥቂት ግሉኮስ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። በየቀኑ ከእያንዳንዱ መቶኛው እጅ ወደ አዲስ ፈሳሽ ይዛወራል። በ20 ደቂቃ ሒሳብ ቢሆን በቀን 72 ትውልድ መሆን ነበረበት። የሚሆነው 6.6 ያህል ነው። መቶ እጥፍ እስኪያድጉ ይራባሉ፣ ግሉኮሱ ያልቃል፣ የቀረውን ሰዓት ነገን ይጠብቃሉ።

"ታዲያ የበሰለ ምግብ ውጭ ቢያድር ችግር የለውም ማለትህ ነው?" የሚል አይጠፋም። አላልኩም። የበሰለ ምግብ ለብዙዎቹ የተመቸ ቦታ ነው፤ ስፖሮችም ከማብሰል ይተርፋሉ። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ምግቡን ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ማቀዝቀዣም ቢሆን ያዘገያል እንጂ ሁሉንም አያቆምም፤ ሊስቴሪያ የተባለችው ባክቴሪያ በ4 ዲግሪም ታድጋለች። የምለው አደጋው በ20 ደቂቃ ሰዓት አይለካም ነው።

አንድ የሙያዬ ጣጣ ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። "እጥፍ ሆነ" የምንለው ምን ቆጥረን ነው? ብዙ ጊዜ የምንለካው የፈሳሹን ድፍርስነት ነው። የሞተችም ሴል ፈሳሽ ታደፈርሳለች። ትልቅ ሴል ደግሞ ከትንሽ የበለጠ ታደፈርሳለች፤ መጠናቸው ከእድገታቸው ጋር እንደሚቀያየር ከላይ አይተናል። ማብቀያ ባለው የላብራቶሪ ሳህን ላይ ዘርተን ከቆጠርን ደግሞ የምናየው እዚያ ሳህን ላይ ማደግ የቻሉትን ብቻ ነው። በሕይወት ኖረው ሳህኑ ላይ የማይበቅሉም አሉ። ስለዚህ ከአንድ ብልቃጥ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት የተለያዩ እጥፍ መሆኛ ጊዜዎች ይዞ መውጣት ይቻላል።